ያልጀመረው ምርመራ

መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የሾላ ማዶ ውሃ ጣቢያ ኮምፒውተር ሙሉ ምርመራውን እንዲጀምር ታዘዘ። አልጀመረም።

የጣቢያው ሠራተኛ ጦይባ ሙሔ ትእዛዙን የሰጠችው እንደ ወትሮው ነበር። ኮምፒውተሩን አጠፋች፤ እስከ አሥር ቆጠረች፤ መልሳ አብርታ በኪቦርዱ ላይኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭና ያዘች። ይህችን ቁልፍ በመስከረምና በመጋቢት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጭናታለች። ሁልጊዜ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና ኮምፒውተሩ የገዛ አካሉን አንድ በአንድ ይመረምር ነበር። ዛሬ ግን ስክሪኑ ጠቆረ። አንዲት ነጭ ሰረዝ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ስትል ቆየችና እሷም ጠፋች። ከዚያ የዘወትሩ ገጽ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለሰ፦ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ በሮቶው ያለው ውሃ ከፍታ፣ የክሎሪኑ መጠን። ቁጥሩ ሁሉ በቦታው ነበር። ሁሉም አረንጓዴ ነበር።

በዚያ ዘመን ራሱን ሳይመረምር የሚሠራ ዕቃ አልነበረም። ምድጃው ጠዋት ጠዋት ራሱን ፈትሾ «ደህና» ካላለ አይሞቅም። አውቶቡሱ ምርመራውን እስኪጨርስ ተሳፋሪው በሩ ላይ ይሰለፋል። ወፍጮውም፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም፣ የቤት ቁልፉም እንደዚያው። ሰዎች ሲገናኙ «እንደምን አደራችሁ» ማለቱን ትተው «አለፈላችሁ?» ይባባሉ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈልን» ነው መልሱ። ይህ ልማድ ከመጣ ወዲህ የተወለዱት ሌላ ሰላምታ አያውቁም።

የዘወትሩ አጭር ምርመራ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሙሉው አርባ ሰባት ደቂቃ ይወስዳል። ሰው ስለ ማሽን የሚሰጠው ቃል መቀበል ከቀረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሰው ይደክማል፣ ይረሳል፣ ይዋሻል ተብሎ ነው። ጦይባ በዚህ ቅር ተሰኝታ አታውቅም። ልጅ ሳለች ቆላ ያለ አንድ የጉድጓድ ሠራተኛ፣ ፓምፑን ሳያይ «አይቻለሁ» ብሎ እየፈረመ፣ አንድ ቀበሌ ሕዝብ እንዴት እንደታመመ አባቷ ነግረዋታል። ማሽን ለራሱ ቢመሰክር ይሻላል ብላ ነው ወደ ሥራው የገባችው።

ጣቢያዎቹን ሁሉ ከሩቅ የሚቆጣጠረው ማዕከል በሁለተኛው ደቂቃ ደወለ፤ የሚናገረው የማሽን ድምፅ ነው።

«ምርመራው አልተጀመረም» አለ።

«ኮምፒውተሩ ይሠራል» አለች ጦይባ። «ቁጥሮቹ ሁሉ ደህና ናቸው።»

«ምርመራ ያልጀመረ ማሽን እንደ ታመመ ይቆጠራል። እባክዎ የምነግርዎትን በቅደም ተከተል ይሞክሩ።»

ሞከረች። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀለች፤ ማብሪያውን ግማሽ ደቂቃ ተጭና ይዛ በውስጡ የቀረውን ኃይል አስወጣች፤ መልሳ ሰካች። ሰረዟ ብልጭ ድርግም ብላ ጠፋች። ኪቦርዱ ገመድ አልባ ስለነበር ከዕቃ ቤት ባለገመዱን አምጥታ ከኋላ በኩል ሰካችው። ሰረዟ መጣች፤ ጠፋች። ቁልፏን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረገች ሞከረች። ማተሚያውንና ሌላውን ትርፍ ገመድ ሁሉ ነቅላ ሞከረች። በመጨረሻ ድምፁ የሚነግራት አለቀበት።

«ባለሙያ ይላክልዎታል» አለ። «ተራዎ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው።»

«እስከዚያ ሰው ምን ይጠጣል?»

«ጣቢያው ለሕዝብ ደህንነት ሲባል ይዘጋል።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ፓምፑ ቆመ። ጦይባ ድምፁን ከመልመዷ የተነሣ ለዓመታት ልብ ብላው ስለማታውቅ የሰማችው ሲያቆም ነው። ብዙም ሳይቆይ የሮቶው መክፈቻ በራሱ ተዘጋ። አራቱም ቦኖዎች ደረቁ።

ሾላ ማዶ ከባቲ መንገድ ወደ ቆላው የምትገነጠል ትንሽ ከተማ ናት። በበጋ ወንዟ አሸዋ ብቻ ይሆናል። ማክሰኞ ጠዋት አህያ ያለው አህያውን እየነዳ፣ የሌለው ጄሪካኑን አዝሎ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ምንጭ ወረደ። ያልቻሉት ጣቢያው በር ላይ መጥተው ቆሙ። የተቆጣ አልነበረም። ማሽን በምርመራ ወደቀ ሲባል ሰው ዝም ማለት ለምዷል።

«ውሃው ምን ሆኖ ነው?» አሏት አንድ ሽማግሌ።

«ውሃው ምንም አልሆነ፣ አባባ። ኮምፒውተሩም ጤነኛ ነው። ጤነኛ መሆኑን መናገር ነው ያቃተው።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪለታ።»

«የኔን ቃል አይቀበሉም።»

ከሰዎቹ ኋላ መሬም ቆማ ነበር፤ የጦይባ የግድግዳ ጎረቤት፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የስምንት ወር ልጇን ከቀበረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ሕፃኗን ትውከትና ተቅማጥ በሁለት ቀን ወሰዳት። ጦይባ ለቅሶውን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አልተለየችም፤ ውሃም ከጣቢያው በጄሪካን እያመላለሰች ለቀስተኛውን ያጠጣች እሷ ናት። መሬም ምንም ሳትጠይቅ ባዶ ጄሪካኗን አንሥታ ወደ ምንጩ መንገድ ገባች።

ረቡዕ ማለዳ ጦይባ ጋሽ አበጋዝ ቤት ሄደች። ጋሽ አበጋዝ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ ደሴ ፒያሳ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነበራቸው፤ ሰው ማሽን መክፈት በሚችልበት ዘመን። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እስክትጨርስ ሰሟት።

«ሰረዟ ትመጣለች አልሽኝ?»

«ትመጣለች፤ ከዚያ ትጠፋለች።»

«ሰዓቱስ? ቀኑን በትክክል ይቆጥራል?»

«በትክክል።»

«እንግዲያው የሰዓቱ ባትሪ አልሞተም።» ጥቂት አሰቡ። «ከዚህ ወዲያ ሳይከፈት የሚታወቅ ነገር የለም፣ ልጄ። ማኅተም አለው?»

«አለው።»

ማኅተሙ በኮምፒውተሩ ጎን የተለጠፈ የብር ቀለም ወረቀት ነው። ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ከቀደደው ፈቃዱን ያጣል። ፈቃድ የሌለው ሰው የተከፈተ ማሽን ከነካ ይታሰራል።

«እኔ እከፍታለሁ» አለች ጦይባ። «እርስዎ ከደጅ ሆነው ይንገሩኝ። እጅዎ እንዳይነካው።»

«ፈቃድሽ ይሄዳል እኮ።»

«እናቶች በዚያ ዳገት አሥራ አንድ ቀን ውሃ አይሸከሙም።»

ጋሽ አበጋዝ ዱላቸውን አንሥተው ተከተሏት። ጣቢያው ደጃፍ ላይ፣ ከመድረኩ ውጭ፣ ጄሪካን ደፍታላቸው ተቀመጡበት። ሁለቱን እጆቻቸውን ዱላቸው ላይ አኖሩ። ጦይባ ጠረጴዛውን ወደ በሩ አስጠግታ ኮምፒውተሩን በጎኑ አስተኛችውና ማኅተሙን በቢላ ቀደደችው። ከክዳኑ በታች ያለው አቧራ እንደ ሱፍ የተጋገረ ነበር።

«ንፊው» አሉ ጋሽ አበጋዝ። «በአፍሽ አይደለም፤ ምራቅ ይነካዋል። የብስክሌት መንፊያ የለም?»

ነበር። አቧራው ሲወጣ ሁለቱም ሳሉ። ሰክታ ሞከረች፤ ሰረዟ መጥታ ጠፋች።

«ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ይታዩሻል? ዳርና ዳራቸው ላይ ጥፍር የሚመስል መያዣ አለ።»

«አየኋቸው።»

«ራም ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲያስብ ሐሳቡን የሚያስቀምጠው እነሱ ላይ ነው። ገመዱን ንቀይና ጥፍሮቹን ወደ ውጭ ክፈቻቸው። ሁለቱንም አውጪ። የወርቅ ጥርስ የሚመስለውን ጫፋቸውን በላጲስ እሺው፤ ቀስ ብለሽ።»

አሸችው። መልሳ ስትከታቸው ሁለቱም ቀጭ አሉ። ሞከረች፤ አልጀመረም።

«አሁን አንደኛውን ብቻ ተዪበት።»

የቀኙን አስቀርታ የግራውን አወጣች። አበራች፤ ቁልፏን ይዛ ጠበቀች። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ሰረዟ መጣች። ከዚያ ሰማያዊው ገጽ መጣ።

ጦይባ ቁልፏን ለቀቀች።

«መጣ?» አሉ ጋሽ አበጋዝ ከውጭ።

«መጣ።»

«የግራው ነው ማለት ነው። ምርመራው ራሱ ሲነሣ እዚያ ላይ ነው የሚጻፈው። በተበላሸው ቦታ ሲያርፍ ይሰናከልና ይቀራል።»

ምርመራው አርባ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። በዚያ መካከል ጋሽ አበጋዝ ስለ ድሮ ሱቃቸው አወሩላት፤ ሰው ኮምፒውተሩን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ እንዴት ይመጣ እንደነበር፣ እሳቸውም ገና ሳይከፍቱት ባለቤቱን «ምን ሲል ሰማኸው?» ብለው እንዴት ይጠይቁ እንደነበር። ጦይባ በአንድ ጆሮዋ እያዳመጠች በስክሪኑ ላይ የሚወርዱትን መስመሮች ትቆጥር ነበር። በአርባ ስምንተኛው ደቂቃ «አልፏል» የሚል ቃል ወጣ። ወዲያው ማዕከሉ ደወለ።

«የሾላ ማዶ ጣቢያ ጤነኛ ነው። ፓምፑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከፈታል። መልካም ቀን።»

ጦይባ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጋሽ አበጋዝ አልሳቁም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን ሰሌዳ ከሩቅ ያዩ ነበር።

«ይቺ ያወጣሻት» አሉ፤ «ከታመመች ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ሰኞ ነዋ።»

«ሰኞማ ሙሉ ምርመራ ስትጠይቂው ታወቀ። አጭሩ ራም አይነካም። የኮምፒውተሩን መዝገብ ክፈቺው፤ ሲሠራ ስህተት ካገኘ ይጽፈዋል፤ ጠያቂ ስለሌለ ነው የማይናገረው።»

ገጹን አገኘችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከፍታው አታውቅም ነበር። የግራው ሰሌዳ የመጀመሪያ ስህተት የተጻፈው ጥር ሃያ አራት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አለ፤ አንዳንዱ ቀን አምስት፣ አንዳንዱ ሁለት መቶ። እስከ ሰኞ አርባ አንድ ቀን።

«ያቺ ሰሌዳ ምን ትይዝ ነበር?» አሉ ጋሽ አበጋዝ።

የክሎሪኑን ስሌት ትይዝ ነበር። ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ ውሃው ላይ ምን ያህል ክሎሪን እንደሚንጠባጠብ ያሰላል፤ ያሰላውን ያዝዛል፤ ያዘዘውንም መልሶ በአረንጓዴ ያሳያል። ጦይባ ተነሥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባች። የክሎሪኑ በርሜል በደህናው ጊዜ በወር ያልቃል። የካቲት መጨረሻ ላይ ገና ከግማሽ በላይ መሆኑን አይታ ነበር። አይታ ቁጥሩን ተመለከተች፤ ቁጥሩ አረንጓዴ ነበር፤ «ዘንድሮ ጥሩ ክሎሪን ነው የላኩልን» ብላ ክዳኑን ገጥማ ወጣች። ለራሷ ያለችውን ቃል በቃል አስታወሰችው።

ከመደርደሪያው ጥግ ድሮ ክሎሪን በእጅ ይለኩበት የነበረውን ጠብታ መድኃኒት ፈልጋ አገኘች። የሮቶውን መክፈቻ በእጇ ፈትታ ሰኞ ከመዘጋቱ በፊት የገባውን ውሃ በብርጭቆ ቀዳች፤ ጠብታውን ጨመረችበት። ክሎሪን ቢኖር ቢጫ ይሆን ነበር። በደጁ ብርሃን ላይ ያዘችው። ጋሽ አበጋዝም አዩት። ውሃው እንደ ውሃ ሆኖ ቀረ።

ጦይባ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ያቺን ማኅተም» አሉ ጋሽ አበጋዝ፣ ቀስ ብለው፤ «በእንፋሎት አለስልሼ መልሼ ልለጥፋት እችላለሁ። እጄ ለዚያ አያንስም። ምርመራው አልፏል። ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅሽም።» ከዚያ ዓይናቸውን ከእሷ አነሡ። «አድርጊው ማለቴ አይደለም። መቻሌን ብቻ ነው የነገርሁሽ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ አበጋዝ። ወደ ቤትዎ ይግቡ፤ እዚህም አልመጡም።»

ጦይባ መጀመሪያ ያደረገችው ወደ ቦኖዎቹ የሚሄደውን ዋና መስመር በእጅ መዝጋት ነበር። ሮቶውን እስከ ታች ወደ አሸዋው አፈሰሰችው። ፓምፑ ሲነሣ አዲሱን ውሃ ሞልታ በየሩብ ሰዓቱ በጠብታ ለካችው፤ በአራተኛው ልኬት ብርጭቆው ቢጫ ሆነ። ከዚያ ስልኩን አንሥታ ለማዕከሉ ደወለች።

«ከጥር ሃያ አራት ቀን ጀምሮ እስከ ሰኞ ድረስ ይህ ጣቢያ ያልታከመ ውሃ ለሕዝብ ሰጥቷል» አለች። «የተበላሸው ራም እጄ ላይ አለ። ይመዝገብልኝ።»

«በጠቀሱት ጊዜ ውስጥ አርባ አንድ የዘወትር ምርመራዎች አልፈዋል። ያለፈ ምርመራ አይሻርም።»

«በእጄ ለክቼዋለሁ። ክሎሪን የለበትም።»

«የሰው ልኬት አይመዘገብም። ራሙ እጅዎ ላይ እንዴት ሊገኝ ቻለ?»

«ማኅተሙን ቀድጄ አወጣሁት።»

«ይህ ተመዝግቧል» አለ ድምፁ ሳይዘገይ። «ፈቃድዎ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ተሰርዟል። ተተኪ ይላካል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ጦይባ ስልኩን ዘጋች።

ጣቢያውን ቆልፋ ስትወጣ ፀሐይዋ ገና አላዘቀዘቀችም። ከጣቢያው እስከ መሬም ቤት የሦስት መቶ እርምጃ መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማለች። መጀመሪያ ለአካባቢው ሰው ሁሉ ማስታወቂያ ጽፋ በየቦኖው ብትለጥፍ፣ መሬምም እንደ ሌላው ሰው ብታነበው አይሻልም ወይ ብላ አሰበች። ከዚያ ራሷን ታዘበችና እግሯን አነሣች።

መሬም ከምንጩ ተመልሳ ደጃፏ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ጦይባ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«መሬም» አለች፤ «የምነግርሽ ከባድ ነገር ነው። ስጨርስ የፈለግሽውን በይኝ።»

ነገረቻት። ከሰኞ ጀምሮ ሳይሆን ከጥር ሃያ አራት ጀምራ ነገረቻት። የበርሜሉን ነገር አልዘለለችም፤ ክዳኑን መልሳ የገጠመችውን፣ ለራሷ ያለችውንም። ለለቅሶ ያመላለሰችው ውሃ ራሱ ያው ውሃ መሆኑን ነገረቻት። መሬም እየሰማች የቀኝ መዳፏን በግራ አውራ ጣቷ ትፈትግ ነበር። ጦይባ ከጨረሰችም በኋላ መፈተጓን አላቆመችም።

«ጤና ጣቢያ ወስጃት» አለች መሬም፤ «ያ መጠየቂያው ማሽን ‹ውሃ ከየት ትጠጣለች?› አለኝ። ‹ከቦኖ› አልሁት። ‹የቦኖው ውሃ ምርመራ አልፏል› አለና ውሃን ሰረዘው። ቀጥሎ የእናት እጅ ንጽሕና የሚል መጣ። እሱን አልሰረዘውም። ወረቀቷ ላይ እሱ ነው የተጻፈው።»

ጦይባ አንገቷን ደፋች።

«በቀን አሥር ጊዜ እጄን እታጠባለሁ። ሌሊት ተነሥቼ እታጠባለሁ። ባሌ እጁን ዘርግቶ ምግብ ሲቀበለኝ ዓይኑን አየዋለሁ፤ ይጠረጥረኝ ይሆን እያልሁ።» መዳፏን ገልብጣ አየችው። «በዚያው ውሃ ነበር የምታጠበው።»

አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንኳ ጦይባ እንደዚህ ስታለቅስ አላየቻትም። ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። መያዝ የሚገባት መሆን አለመሆኗን አላወቀችም። መሬም ራሷ ስታበቃ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ይቅር በዪኝ አላሉኝም» አለች።

«ልልሽ አፈርሁ።»

«ዛሬ አይበሉኝ። ዛሬ ብጠየቅ እምቢ እላለሁ።» ወደ መንገዱ ተመለከተች። «ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ካንቺ በፊት ለማንም አልነገርሁም። ለማዕከሉ ነገርሁ፤ አልተቀበለኝም።»

«የእንድሪስ እናትም ታማ ነው የሰነበተች። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ያሉት መንትዮችም አሉ። በየእንስራው፣ በየጄሪካኑ ያን ውሃ ያስቀረ ስንት ሰው አለ። ሰሞኑን ምንጭ መውረድ ያልቻለ ሁሉ እሱን ነው ቆጥቦ የሚጠጣ።»

«አዎ። ዛሬውኑ መደፋት አለበት።»

መሬም ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ አገለደመች።

«ብቻዎን ቢነግሯቸው ‹ምርመራው አልፏል› ነው የሚሉዎት» አለች። «እኔም እንደዚያው ነበር የምል።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ቀጣዩ ቤት ሄዱ። ጦይባ በሩን አንኳኳች። ከውስጥ የሴት ድምፅ «አለፈላችሁ?» አለ፣ እንደ ወጉ።

«አላለፈልንም፣ እቴ» አለች መሬም። «ክፈቺልን፤ የምንነግርሽ አለ።»